አልተመረጥሽም ተብያለሁ፤ ያንኑ መምህር የድጋፍ ደብዳቤ እንዴት ደግሜ ልጠይቅ?

ሳቢያን ያለችው (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬ በፓራሳይቶሎጂ (በጥገኛ ተውሳኮች ጥናት) ነው። ለሦስተኛ ዲግሪ ምርምር አውሮፓ ውስጥ ለሚሰጥ ነፃ የትምህርት ዕድል አመልክቼ ነበር፤ መልሱ ባለፈው ሳምንት መጣ። መልኩን የማታውቁት አይመስለኝም። ብቁ አመልካቾች እጅግ ብዙ ስለነበሩ እናዝናለን ይላል፤ ለወደፊቱ መልካም ዕድል ይመኛል፤ ግርጌው ላይ ለዚህ መልእክት ምላሽ እንዳትሰጡ የሚል ማሳሰቢያ አለው። ምላሽ የመስጠት ፍላጎቴ የዚያን ዕለት ያህል በርትቶ አያውቅም።

ማዘኑን ማንም ሳያስተምረኝ እችልበታለሁ። የቸገረኝ ሌላ ነው።

ማመልከቻው የእኔ ብቻ አልነበረም። የሁለተኛ ዲግሪ አማካሪዬ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ናቸው፤ የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፉልኝ ቅዳሜ ቀን ነው። ማኅተሙ ያለበትን መሳቢያ ቁልፍ ጸሐፊዋ ይዛ ለቅሶ ሄዳ ነበርና እሳቸው በባጃጅ ለቅሶ ቤቱ ድረስ ሄደው፣ እግዜር ያጥናችሁ ብለው፣ ንፍሮ ቀምሰው፣ ቁልፉን ተቀብለው ተመለሱ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው በሁለት ጣት ፊደል እየፈለጉ ጻፉት። ማኅተሙን ከመምታታቸው በፊት በቁራጭ ወረቀት ላይ ሞከሩት፤ ክቡ ጎደሎ ሆኖ ሲወጣ ቀለም ጨመሩበትና እንደገና ሞከሩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ «ይበቃል ፕሮፌሰር» እላለሁ፤ እሳቸው «ፈረንጅ ማኅተም ያያል» ይላሉ። አሁን እኚህን ሰው «አልሆነም፤ ሌላ ይጻፉልኝ» ልበላቸው? ሌላ የማመልከቻ ቀን ደግሞ እየደረሰ ነው።

ቤት ውስጥ ያለውም ቀላል አይደለም። እናቴ ለቡና ጓደኞቿ ነግራ ጨርሳለች። አንዷ ጎረቤታችን ጭራሽ ከአዲስ አበባ ወፍራም ሹራብ አስመጥታልኛለች። በግንቦት የድሬ ሙቀት ቁም ሳጥን ውስጥ ሲያዩት ራሱ ላብ ያመጣል፤ መርቃ ስለሰጠችኝ መመለሱም ነውር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ፕሮፖዛሉ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጋ ላይ ድሬዳዋ ውስጥ ወባ በረታ። እኛ የላቦራቶሪ ሰዎች ወባን የምንጠብቀው ክረምቱ ሲወጣ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሰማዩ ደርቆ ሳለ የሚመረመረው የደም ስላይድ ብዛት አላሠራን አለ። ነገሩ ሲጠና አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከምትባል ከእስያ ከመጣች ትንኝ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ይህች ትንኝ በፈረንጆቹ 2012 ጅቡቲ ታየች፤ በ2016 ደግሞ በእኛው ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች። ረግረግ አያስፈልጋትም፤ ለመጠጥና ለልብስ ብለን የምናጠራቅመው ውሃ ይበቃታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ሮቶ ወይም በርሜል የሌለበት ግቢ የት አለ?

ከሥራ በኋላ የጎረቤቶቼን ሮቶ አስከፍቼ በነጭ ጭልፋ እቀዳለሁ። የአኖፊለስ እጭ የውሃው ፊት ላይ ጋደም ብላ ትንሳፈፋለች። ዴንጊና ቺኩንጉንያ የሚባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ፣ የኤዲስ፣ እጭ ግን ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች፤ ጥላ ሲያርፍባት እየተጣጠፈች ወደ ታች ትሰምጣለች። ሁለቱንም በአንድ ጭልፋ ያገኘሁበት ግቢ አለ። ፕሮፖዛሌ የሮቶ አከዳደን፣ የውሃ ፈረቃና የእጭ ብዛት እንዴት እንደሚገናኙ መለካት ነው። ይህንኑ ይዤ ልቀጥል ወይስ ወቅቱ የሚወደው ሌላ ርዕስ ልፈልግ?

አንድ ልመና አለኝ፦ «ያልሆነው ለበጎ ነው» እንዳትሉኝ። በዚህ ሳምንት የሰማሁት ለዓመት ይበቃኛል።

ቀፊራ ገበያ

ለበጎ ነው እንዳልል ስለተከለከልኩ ዝም ብያለሁ። ሹራቡን ግን ሐረር ላለችው እህቴ እገዛሻለሁ፤ እዚያ ማታ ማታ ይበርዳል። ቁጥሩ ስንት ነው?

የሐረሩ መምህር

እህቴ፣ ሐረር የማስተምር ሰው ነኝ። የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ በሥራ መዘርዝሬ ውስጥ የለም፤ ጊዜዬን ግን ከማስተማሩ ባልተናነሰ ይበላዋል። ስለዚህ በጠረጴዛው በዚህ ወገን ያለውን ልንገርሽ።

ለአማካሪ ከባዱ የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ስለ ተማሪዋ ምን ልበል ብሎ ማሰብ፣ የመመረቂያ ጽሑፏን መለስ ብሎ ማየት፣ እንዲያው ጎበዝ ናት ከማለት የሚሻል ምሳሌ መፈለግ አለ። ያ ሁሉ ተሠርቷል፤ ፋይሉም ኮምፒውተራቸው ውስጥ ነው። ሁለተኛው ደብዳቤ ቀንና የተቋም ስም መቀየር፣ ከዚያ ወዲህ ስለሠራሽው አንድ አንቀጽ መጨመር ነው። ብዙዎቹ ተቋማት ዛሬ ደብዳቤውን የሚቀበሉት ለመምህሩ በኢሜይል በሚልኩት ማስፈንጠሪያ ስለሆነ ለቅሶ ቤት መሄድም ላያስፈልግ ይችላል።

እኛን የሚያስቀይመን ነገር አለ፤ አልደብቅሽም። ውጤቱን ከሰው አፍ መስማት ያስቀይማል። «ነገ ይዘጋል» ተብሎ ዛሬ ማታ መጠየቅ ደግሞ ይብሳል። አንድ ተማሪዬ በደብዳቤዬ አመልክቶ ድምፁ ጠፋ። ተመርጦ ሄዷል ብዬ በኩራት ለባልደረቦቼ አወራሁ። ከዚያ ሸዋ በር ላይ ታክሲ ሲጠብቅ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ልጁ የሚገባበት ጠፋው፤ እኔም የምለው ጠፋኝ። ቢነግረኝ ኖሮ የዚያኑ ዓመት ሌላ ቦታ እልከው ነበር፤ የማውቀው ፕሮፌሰር ተማሪ እየፈለገ ነበር።

ስለዚህ ነገሩን በሁለት ክፈይው። መጀመሪያ ውጤቱን ብቻ ንገሪያቸውና አመስግኚ፤ ምንም አትጠይቂ። ቀጣዩን ጥያቄ ይዘሽ የምትሄጂው ቆየት ብለሽ፣ የማመልከቻው ቀን ሳይጠብብሽ ነው። ስትሄጂም የማስታወቂያውን አድራሻ፣ የተሻሻለውን ፕሮፖዛልና የሥራ ታሪክሽን አንድ ላይ ይዘሽ ቅረቢ።

ስለ ኢሜይሉ ደግሞ ይህን እወቂ። በምሠራበት ተቋም ለውስጥ የምርምር ድጎማ ገምጋሚ ሆኜ ተቀምጫለሁ፤ የውጭዎቹ ትልልቅ ቢሆኑም አካሄዱ ይመሳሰላል። መጀመሪያ የሚታየው ወረቀት ነው። ትራንስክሪፕት የጎደለው፣ የቋንቋ ፈተናው ጊዜ ያለፈበት፣ የዲግሪ ዘመኑ የማይፈቅድለት ይወጣል፤ የእነዚህን ሳይንስ ማንም አላነበበውም። የቀረው ለሁለት ወይም ለሦስት ገምጋሚዎች ይሰጣል። አንዱ የወደደውን ሌላው ይጥለዋል፤ እኔና አንድ ባልደረባዬ በአንድ ፕሮፖዛል ተጨቃጭቀን ቡናችን ቀዝቅዟል። ነጥቡ ይደመራል፤ ገንዘቡ የሚያልቅበት ቦታ ላይ መስመር ይሰመራል። ከመስመሩ ለጥቂት የወረደውም መጨረሻ ላይ ያለውም የሚደርሰው ኢሜይል አንድ ነው። ከእሱ ስለ ሮቶዎችሽ ፍርድ ለማውጣት መሞከር ትርፉ ድካም ነው። ካልሰለቸሽ የመረጃ ክፍላቸውን አድራሻ ፈልገሽ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደቀረሽ በአጭሩ ጠይቂ፤ አንዳንዶቹ ነጥብሽን ይነግሩሻል፣ ብዙዎቹ አይመልሱም።

ፕሮፖዛልሽን አላየሁትም፤ አንድ ነገር ግን እጠረጥራለሁ። የሚያነበው ሰው ቧንቧውን በፈለገው ሰዓት ከፍቶ ውሃ የሚያገኝ ነው። ቤተሰብ ለምን ሺህ ሊትር ውሃ ግቢው ውስጥ እንደሚያስቀምጥ፣ ያለ ክዳን የቀረ ሮቶ ለምን እንደሚበዛ፣ ውሃው የሚመጣበትን ሌሊት ለምን ሰው ነቅቶ እንደሚጠብቅ አያውቅም። ለአንቺ ከመለመዱ የተነሳ የማይጻፍ ነገር ለእሱ የጥናቱ ግማሽ ነው። በሁለት ዓረፍተ ነገርና በአንድ ፎቶግራፍ አሳይው። ርዕሱን አትቀይሪ።

ሳልረሳው፣ በቴሌግራም የሚዞረውን ማስታወቂያ ሁሉ አትመኚ። በየዓመቱ የኮመንዌልዝ ዕድል አገኘን ብለው የሚመጡ ተማሪዎች አሉኝ፤ ዕድሉ ግን ኮመንዌልዝ ለሚባለው የአገሮች ማኅበር አባላት ነው፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ቺቭኒንግ የሚባለው የብሪታንያ ዕድል ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ እንጂ ለሦስተኛ አይከፍልም፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድም ይጠይቃል። ከመጀመሪያውም በማይመለከታቸው ዕድል «ተጣልን» ብለው አንገት የሚደፉ ልጆች ሳይ አንጀቴ ያርራል።

ደንገጎ

እኔ ትንሽ ልቆጣ። ለምንድን ነው የሰው ዋጋ ከውጭ አገር በሚመጣ ኢሜይል የሚለካው? ሦስተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት ሐረማያ ነው፤ በዓለም ባንክ ድጋፍ በተከፈተው፣ በአየር ንብረትና በብዝኃ ሕይወት ላይ በሚሠራው የልህቀት ማዕከል። ከእኔ ጋር ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። እነሱ ነፃ ትምህርት ብለው እኛ ዘንድ ይመጣሉ፤ እኛ በሩ ላይ ተቀምጠን የፈረንጅ ኢሜይል እንጠብቃለን።

ትንኟ ያለችው ድሬዳዋ ነው፤ አንቺ ወዴት ነው የምትሄጂው?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለድኅረ ምረቃ የሚሰጠውን አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ተፈተኚና እዚሁ ተመዝገቢ። ወይም አዲስ አበባ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትን አንኳኪ። የ2014ቱን የድሬዳዋ ወረርሽኝ ያጠኑት እነሱ ናቸው፤ ጥናቱም በፈረንጆቹ 2023 ታትሟል። ጥናታቸው የዩኒቨርሲቲውን የተማሪዎች ማደሪያ ሳይቀር ያካተተ ነበር። ከአንቺ ይበልጥ የሚፈልጉት ሰው ማን ይሆናል?

ሳቢያን ያለችው

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሸዋ በሩን ልጅ ሳስበው ራሴን ታክሲ ስጠብቅ አየሁት። ዛሬ ማታ መልእክቱን እጽፋለሁ።

ደንገጎ፣ ቁጣህን ተቀብያለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ የተማረ ሰው ንግግር ነው፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ። አንተ ስትማር ደመወዝህን የሚከፍል ተቋም ነበረህ። እኔ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። የትምህርት ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ የፈረቃ ሰሌዳውን ነው የሚያሳዩኝ። እዚህ ብማር የማታ ተረኛ ሆኜ፣ ቀን ሮቶ ለሮቶ እየዞርኩ፣ እናቴን እየጦርኩ ነው። ውጭ የምፈልገው ብርዱን አይደለም፤ ለመማሪያ ጊዜዬ የሚከፍለኝ ሰው ነው። ደግሞ ትንኟ እዚህ ብትሆንም ዝርያዋን በዘረ መል የማረጋግጥበት መሣሪያ እኛ ክፍል የለም። እኛ ያለን ማይክሮስኮፕና ጂምሳ የሚባለው የስላይድ ማቅለሚያ ነው።

የአርማወር ሐንሰንን ስም ግን ማስታወሻዬ ላይ ያዝኩት። ጥናቱን አንብቤዋለሁ፤ ሄጄ አንኳኳለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። እንዲህ ያለ ተቋም እንዴት ይቀርባል? በኢሜይል ወይስ በአካል?

ቀፊራ፣ መካከለኛ ነው። ጎረቤቴ እንዳትሰማ።

ደንገጎ

ደመወዙን በተመለከተ ልክ ነሽ፤ ይከፈለኝ ነበር።

በኢሜይል ጀምሪ። አጭር ይሁን፤ እጭ ያገኘሽባቸው ግቢዎች በየትኛው የከተማው ክፍል እንደሆኑ ጻፊላቸው። «ሥራ ፈላጊ ነኝ» ብለሽ አትጀምሪ፤ በትንኟ ጀምሪ።

ከድሬ የወጣሁ

የገንደ ቆሬ ልጅ ነኝ፤ አሁን ቤልጂየም ሦስተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። ከዚህ በፊት ደጋግሜ ተጥያለሁ። እናቴ ለጎረቤት «ቪዛው ዘግይቶባት ነው» እያለች ክረምቱን አሳለፈች፤ ቪዛ ሳልጠይቅ ለቪዛ የተጸለየልኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የአንቺን እናት በተመለከተ አንድ የሠራልኝን ልንገርሽ፦ ቀን ስጫት። «አልሆነም» ብሎ ማቆም ለእናት ከባድ ነው፤ «ይኼኛው አልሆነም፤ የሚቀጥለውን በኅዳር አስገባለሁ» ስትያት ለቡና ጓደኞቿ የምትነግረው ነገር ታገኛለች። ዝምታሽን ነው በራሷ ታሪክ የምትሞላው።

ወደ ዋናው ልምጣ። ሁሉንም ማመልከቻ አንድ ዓይነት አድርገሽ እያየሽው ይመስለኛል። ነፃ የትምህርት ዕድል በውድድር የሚሰጥ ገንዘብ ነው፤ ማን እንደጣለሽ አታውቂም። ቤልጂየም፣ ኔዘርላንድስ፣ ጀርመንና ስዊድን ውስጥ ግን ብዙው የሦስተኛ ዲግሪ ቦታ እንደ ሥራ ይወጣል። ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ቃለ መጠይቅ አለ፣ ደመወዝና የሥራ ውል አለው። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኪዩሪ የዶክትሬት መረቦችም እንዲሁ ናቸው፤ ዜግነት አይለዩም። የሚጠይቁት ባለፉት 36 ወራት ውስጥ በምትሄጂበት አገር ከ12 ወር በላይ አለመኖርሽን ነው፤ ድሬዳዋ ተቀምጠሽ ይህን እንዴት ትወድቂያለሽ? ዩራክሰስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ይለጠፋሉ። እዚህ ስትጣይ የጣለሽ ስም ያለው ፕሮፌሰር ነው፤ ጽፈሽ ትጠይቂዋለሽ። አንዷ በሦስት መስመር «የስታቲስቲክስ ዕቅድሽ ደካማ ነው» ብላ መለሰችልኝ። አምርሬ ተናደድኩ፤ ከዚያ ያንን ክፍል እንደገና ጻፍኩት። ቀጥሎ የተቀበለኝ ሰው በቃለ መጠይቁ ላይ ብዙ የጠየቀኝ ስለዚያው ክፍል ነበር።

ሰዓትሽንም ቁጠሪ። ዳድ የሚባለው የጀርመን የትምህርት ዕድል ሰጪ በአብዛኛው የመጨረሻ ዲግሪ ከተያዘ ከ6 ዓመት በላይ ያለፈውን አይቀበልም፤ ሁለተኛ ዲግሪሽን መቼ እንደያዝሽ አልነገርሽንም። አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዚህን ፈተና ክፍያ ደግሞ መክፈል ቀልድ አይደለም። ስለዚህ በዚሁ ውጤት ስንት ቦታ ማመልከት እንደምትችይ አሁኑኑ አስቢ። የተማርሽበትን ተቋም «ትምህርቱ የተሰጠው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል ደብዳቤ አጽፊ፤ በእሱ ብቻ የሚቀበሉ አሉ። የወጪ መጋራትሽን ጨርሰሽ ዋናውን ዲግሪ ካልወሰድሽም ዛሬ ጀምሪው። ከተመረጥሽ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ አምጪ ሲሉሽ ሬጅስትራር በር ላይ ማልቀስ አለ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አሁን ደግሞ ያሳሰበኝ። የጎረቤት ሮቶ ከፍተሽ የቀዳሽው በማን ፈቃድ ነው? ለቅኝት ጥሩ ነው፤ ፕሮፖዛልሽ ውስጥ «የመጀመሪያ ምልከታ» ብለሽ ልትጠቅሽው ትችያለሽ። ጥናት ሆኖ እንዲታተም ግን የሥነ ምግባር ቦርድ ፈቃድና የከተማው ጤና ቢሮ የትብብር ደብዳቤ ያስፈልግሻል። ደብዳቤው ለሌላም ይጠቅምሻል። ገምጋሚ ከሚፈራው ነገር አንዱ ይህ ሰው መረጃውን የሚሰበስብበት ፈቃድ ያገኝ ይሆን ወይ የሚለው ነው። ከማመልከቻሽ ጋር ያንን ብታያይዢ ጥርጣሬው ከመጀመሪያው ይነሳል። በ2006 ዓ.ም. የዴንጊው፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የቺኩንጉንያው ወረርሽኝ ድሬን ሲያምስ ቢሮው የቤት ለቤት ሥራ ምን እንደሆነ በደንብ አይቷል፤ ሐሳቡ አዲስ አይሆንባቸውም።

ሳቢያን ያለችው

ስታቲስቲክሱ ነገር ልቤን ወጋው፤ የእኔም እዚያ ላይ ሳይሳሳ አይቀርም። ዲግሪዬ ገና አላረጀም፤ እየቆጠርኩ ነው። የወጪ መጋራቱን ከፍያለሁ፤ ደረሰኙን እናቴ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ለፕሮፌሰሩ የጻፍኩት ይህ ነው፤ መምህር፣ ከመላኬ በፊት እስቲ ይዩልኝ፦

«ክቡር ፕሮፌሰር፣ ጤና ይስጥልኝ። ያመለከትኩበት ዕድል ውጤት ወጥቷል፤ አልተመረጥኩም። ከሰው ከሚሰሙት ራሴ ልንገርዎት ብዬ ነው። ለዚያ ደብዳቤ የደከሙትን ድካም አልረሳውም። ላስቸገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራውን አልተውኩትም፤ ሌላ ቦታ ለማመልከት ስዘጋጅ ቀኑ ሳይቃረብ መጥቼ አማክርዎታለሁ።»

የሐረሩ መምህር

«ላስቸገርኩዎት ይቅርታ» የሚለውን አውጪው። አላስቸገርሽም፤ ደግሞ ያንን ሲያነቡ ሊያጽናኑሽ ይገደዳሉ፤ ለሽማግሌ ሰው ተጨማሪ ሥራ ነው። በእሱ ቦታ ከዚያ ወዲህ በሮቶዎቹ ውስጥ ያየሽውን አንድ ነገር ጻፊ። ሁለቱን እጭ በአንድ ጭልፋ ያገኘሽበትን ግቢ ነግረሻቸዋል?

ሳቢያን ያለችው

አልነገርኳቸውም ነበር። አሁን ጨምሬ ላክሁት።

ሳቢያን ያለችው

መለሱልኝ። ስለ አለመመረጤ «አይዞሽ፤ እኔንም ጥለውኛል» ብለው አልፈውታል። የቀረው ሁሉ ጥያቄ ነው፦ ክዳኑ ምን ዓይነት ነበር? ውሃው የተቀዳው ከየትኛው ፈረቃ በኋላ ነው? ከግቢው ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ነበር? የሥነ ምግባር ቦርዱን ማመልከቻ አብረን እንሙላ ብለው ሐሙስ ከሰዓት ቀጥረውኛል። ጥያቄዎቻቸውን ሳነብ ፕሮፖዛሌ ውስጥ የሌለ አንድ ሙሉ ዓምድ እንዳለ ገባኝ።

ለደንገጎ፦ ለአርማወር ሐንሰንም ጽፌያለሁ። በትንኟ ጀመርኩ። እስካሁን መልስ የለም።

ከድሬ የወጣሁ

የቦርዱን ማመልከቻ ስትሞሉ የስምምነት ቅጹን አትርሱ። ድሬ ላይ በአማርኛ ብቻ አዘጋጅተሽ ከሄድሽ መልሰው ይሰጡሻል፤ ሰው በማያነበው ቋንቋ ፈቃድ ሰጠ አይባልም። በኦሮምኛና በሶማልኛም ይኑርሽ፤ ተርጉሞ ወደ አማርኛ የሚመልስልሽ ሁለተኛ ሰውም ያስፈልጋል።

ሳቢያን ያለችው

ለኦሮምኛው ላቦራቶሪያችን ውስጥ ባልደረባ አለችኝ። ለሶማልኛው ግን ሰው የለኝም።

ቀፊራ ገበያ

ለሶማልኛው እኔ አለሁ። ቅጹን ላኪልኝ።